አስራ ሁለት ተሳፈሩ፣ አስራ ሁለት ወረዱ

ይህን ነገር ስጽፈው ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ሁለቱን ጊዜ የጻፍኩት በማመልከቻ መልክ ነበር። አንደኛው መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሁለተኛው ላይ ኃላፊያችን የሻይ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥበት በዓይኔ አየሁ።

ስለዚህ ለእናንተ እጽፈዋለሁ። ፈጠራ ነው የሚል ይበል... እኔ የደረሰብኝን ከእነ ሰዓቱ ነው የምነግራችሁ።

ሰኞ ነበር። ከቀኑ አስር ሰዓት። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም፤ የወንዙ ዳር በሰው ተሞልቷል። ጨለማ የለ፣ ጭጋግ የለ... ማንም ሰው በማይፈራበት ሰዓት።

መጀመሪያ ግን ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ካልሆነ አይገባችሁም።

ከተማችን ትንሽ ናት። ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ድልድዩን ጎርፍ ከወሰደው አራት ዓመት ሆነው። "በቅርቡ ይሠራል" ከተባለም አራት ዓመት ሆነው። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴውን የሚከታተል ሌላ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኛ ግን እስከ ዛሬ የምንሻገረው በገመድ በምትጎተት ጠፍጣፋ ጀልባ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ሴት ከጀልባዋ ወደቀች። መውደቋን ያየ አልነበረም። ሻርፗ ብቻ በማግስቱ ከታች ተገኘ። ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ የፈለጋትም የለም።

ከዚያ ወዲህ ደንብ ወጣ። በሁለቱም ዳር አሮጌ የመኪና ቸርኬ ተሰቀለ። ማዶ ያሉት ሠራተኛ አንድ ሰው በተሳፈረ ቁጥር ቸርኬውን በቡሎን አንድ ጊዜ ይመታሉ። እኔ በዚህ ዳር ቆሜ አንድ ሰው በወረደ ቁጥር አንድ ጊዜ እመታለሁ። ቁጥሩ ከገጠመ ማንም አልቀረም ማለት ነው።

ከተማው ሁሉ ለምዶታል። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ መቀሱን አቁሞ ይቆጥራል።

ማዶ ያሉት ባልደረባዬ ጋሽ ፉጨት ይባላሉ፤ አፋቸው ከፉጨት አርፎ ስለማያውቅ ነው። ጀልባዋን የሚጎትተውን ሰውዬ "ካፒቴን" እንለዋለን። ሞተር ለሌላት ጀልባ ካፒቴን! ማሾፋችን እንደሆነ ያውቃል፤ ግን ደስ ይለዋል።

እና እህቴ አለች።

ታናሽ እህቴ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። ጠዋት ትሻገራለች፤ አስር ሰዓት ላይ ትመለሳለች። ስትመለስ፣ ጋሽ ፉጨት ለእሷ መትተው ሲጨርሱ፣ በጣቷ ያለውን የእናታችንን የብር ቀለበት ቸርኬው ላይ ቀስ አድርጋ ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች።

ጢን... ጢን።

ከቁጥሩ ውጪ ነው። "መጣሁልሽ" ማለቷ ነው። ወንዙ ሰፊ አይደለም፤ ድምፅ ደግሞ ውሃ ላይ ይሄዳል። ከእኔ በቀር ማንም ልብ አይለውም።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት ጋሽ ፉጨት አስራ አራት መቱ።

ጀልባዋ መጣች። እህቴ እንደ ልማዷ ቀድማ ወረደችና ጉንጬን ቆነጠጠችኝ።

"ቆጣሪዬ! ዛሬም ኩርፊያ?"

"እለፊ፤ ሥራ ላይ ነኝ።"

እየሳቀች ሄደች። ሌሎቹም ወረዱ። አናጢው፣ አዋላጇ፣ ሁለቱ መንታ ሴት ልጆች... በመጨረሻ እህቴ ወረደች። "እንደምን ዋልሽ እህቴ" አለችኝ። ጃንጥላዋን ረስታ ተመልሳ ይሆናል ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩላት።

የመታሁት አስራ አምስት ሆነ።

ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ብቅ አለ። "አንዱን ከየት አመጣሽው?" ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ቁጥር ካልገጠመ "የልዩነት ማብራሪያ" የሚባል ቅጽ በሦስት ኮፒ ይሞላል። ሰው ሲጎድል ምን እንደሚደረግ ቅጹ ላይ አለ። ሲተርፍ ግን... ለሱ ቦታ የለውም።

ማክሰኞ አስራ አንድ ተሳፈሩ። አስራ ሁለት ወረዱ።

ቆሽቴ አረረ። ስልክ አንስቼ ጋሽ ፉጨት ላይ ጮኽኩባቸው።

"ጋሼ፣ ዓይንዎን ይታከሙ እንጂ! በእርስዎ ስህተት እኔ ለምን ቅጽ እሞላለሁ?"

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ሰው መቁጠር አቅቶኝ አያውቅም። አንቺ ጋ ነው ነገሩ።"

ተጨቃጨቅን። በኋላ ተስማማን። ረቡዕ ሁለታችንም የሰዎቹን ማንነት እየጻፍን እንድንቆጥር፣ ማታ በስልክ እንድናመሳክር።

ረቡዕ እሳቸው ዘጠኝ። እኔ አስር።

እሳቸው አነበቡ፤ እኔ ምልክት አደረግኩ። ዘጠኙም ወረቀቴ ላይ አሉ። ምልክት ያላገኘ አንድ መስመር ቀረ። በራሴ እጅ ጽሑፍ... "እህቴ" ይላል።

"ጋሼ፣ እህቴን ዘለሏት።"

ፉጨታቸው ቆመ።

"እህትሽ... ዛሬ መች ወደዚህ ተሻገረች? አሞኛል ብላ ቀርታ የለ?"

ወረቀቱን እንደገና አየሁት።

እውነታቸውን ነው። ጠዋት ትኩሳት ይዟት ሻይ ያፈላሁላት እኔ ነኝ። ብርድ ልብሱን ያለበስኳት እኔ ነኝ። ታዲያ አስር ሰዓት ላይ ከጀልባ ስትወርድ... እንዴት ምንም አልመሰለኝም? እንዴት ዝም ብዬ ጻፍኳት?

ሰኞም ሁለት ጊዜ እንደወረደች ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። አልጋዋ ውስጥ ተጠቅልላለች።

"ምነው፣ አባረሩሽ እንዴ?" አለች፤ ድምፅዋ በጉንፋን ተዘግቷል።

"ዛሬ ወጥተሻል?"

"በምን እግሬ?"

ጫማዋን አነሳሁ። ደረቅ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ጀልባዋ ለጥቂት ቀን ትቁም ብዬ ለመንኩት።

"ምክንያት?"

"ትርፍ ሰው እየወረደ ነው።"

"ትርፍ ሰው ምን ጉዳት አለው? ጎደለ ብትዪኝ ይገባኛል።"

"ጌታዬ፣ ያልተሳፈረ ሰው እየወረደ ነው የምልዎት።"

ከወረቀቱ ቀና አላለም። "ስሚ፣ ቅጽሽን አይቻለሁ። ከእንግዲህ ቁጥሩ እንዲገጥም አድርጊ። ካልገጠመ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ።"

"እንዴት አድርጌ ነው የማስገጥመው?"

"ሥራሽ ነው።"

ደሜ እንደፈላ ወጣሁ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ለማስረዳት ሞከርኩ። አናጢው እንቅልፍ አጥተሽ ነው አለኝ። አዋላጇ ደም ግፊትሽን ተለኪ አለችኝ። ሰው እየሰማ አለመስማቱ... እንደሱ የሚያናድድ ነገር አለ?

አስር ሰዓት ሆነ። እህቴ አልጋዋ ላይ ናት፤ ጎረቤታችን አጠገቧ እንድትቀመጥ አድርጌያለሁ። ዘጠኝ ተሳፈሩ። ዘጠኝ ወረዱ።

ጀልባዋ ጫፍ ላይ ግን አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

የእህቴ ሹራብ። የእህቴ ፀጉር።

ጀልባዋ ደረቅ ናት፤ በእግሯ ሥር ግን ውሃ ተጠራቅሟል።

"እንደምን ዋልሽ እህቴ" አለች፤ ሳትዞር።

"አልቆጥርሽም..." አልኩ በሹክሹክታ።

ካፒቴን ገመዱን ይዞ ተነጫነጨ። "ከእህትሽ ጋር ምን አጣላሽ? ምቺላትና ትውረድ እንጂ፤ ጀልባዋን ልሰር!"

ያቺ ሴት አልተንቀሳቀሰችም። እስክትቆጠር ትጠብቃለች።

እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ለማንም ያልተናገርኩት ይህን ነው። ፍርሃት ቢሆን እሮጥ ነበር። የያዘኝ ግን ንዴት ነበር፤ የአራት ቀን ንዴት። ኃላፊው፣ ቅጹ፣ የሰው ሳቅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

"በቃኝ!" ብዬ ጮኽኩ። "አንድ ሰው ትርፍ ነው! ነገ ቁጥሩ ይግጠምልኝ እንጂ የፈለገው ይቅር!"

ቡሎኑን ወርውሬ ቸርኬው ላይ አሳረፍኩት። ጮኸ። አስር።

"እሺ" አለች።

እንደ ታዘዘ ሰው፤ በትህትና።

ካፒቴን ገመዱን አስሮ ቀና ሲል ጀልባዋ ላይ ማንም አልነበረም። መውረጃው ጣውላ ላይ እርጥብ የባዶ እግር ዱካ አለ። እስከ ጣውላው ግማሽ ድረስ ብቻ።

ሌሊቱን ሙሉ እህቴን ስለምን አደርኩ። አትሂጂ፣ አንድ ቀን ብቻ።

"ተሽሎኛል። ልጆቹ ፈተና አለባቸው።"

"ስለ እናታችን ብዬ..."

"አንቺ ሴትዮ፣ ቆጥረሽ ቆጥረሽ አበድሽ!" አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።

ዓርብ ጠዋት ጀልባዋን እንዲያስቆምልኝ እንደገና ኃላፊው ቢሮ በር ላይ ቆምኩ። ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። ድልድዩን በሚመለከት ስብሰባ! ስመለስ እህቴ ተሻግራለች።

አስር ሰዓትን ጠበቅኩ።

ማዶ ቸርኬው ጮኸ። አንድ... ሁለት... ሦስት...

አስራ ሁለት።

ከዚያ...

ጢን... ጢን።

እህቴ ተሳፍራለች። የእኔዋ ናት፤ ቀለበቷ ነው። እንባዬ መጣ።

ጀልባዋ መጣች። አናጢው ወረደ፤ መታሁ። አዋላጇ ወረደች፤ መታሁ። ሁልጊዜ ቀድማ የምትወርደው እህቴ ግን ከኋላ ቀርታለች።

አስር... አስራ አንድ...

አስራ ሁለተኛዋ እሷ ሆነች። ከኋላዋ ሌላ ሰው የለም። ጀልባዋ ባዶ ናት።

ገጠመ።

ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ አጨበጨበልኝ። እኔም ሳቅኩ፤ አዎ፣ ሳቅኩ። ጉንጬን እንድትቆነጥጠኝ አቀረብኩላት።

"እንደምን ዋልሽ እህቴ" አለችኝ።

እጇን አየሁ። ጣቷ ባዶ ነው።

"ቀለበትሽስ?"

"የቱ ቀለበት?"

ጫማዋ ውሃ ያንቆረቁራል።

ካፒቴንን አንገቱን ይዤ ጠየቅኩት። መሀል ወንዝ ላይ ጀልባዋ ትንሽ እንደተናጠች፣ እሱ ገመዱን ሊያስተካክል እንደዞረ፣ ሲመለስ ሁሉም በቦታው እንደነበር ማለለኝ። "ቆጥሬያለሁ! አስራ ሁለት! ምን ጎደለብሽ?"

ወደ ቢሮ ሮጥኩ። እህቴ ወንዝ ውስጥ ናት አልኩት። ኃላፊው በመስኮት አሳየኝ፤ አስፋልቱ ዳር ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ያቺ እህትሽ አይደለችም?"

"አይደለችም!"

"ቁጥሩ ገጥሟል?"

"ገጥሟል፤ ግን..."

"ግን የለም።" ማኅተሙን አነሳና ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ልዩነት የለም ይላል። ሰኞ ደግሞ ምስጋና ጻፈልኝ።

ሦስት ሳምንት ሆነን።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቤት ያለችው ከእህቴ ይልቅ ለኑሮ ትመቻለች። አትከራከረኝም፣ አታሾፍብኝም፣ ዕቃ ታጥባለች፣ እሺ ትላለች። ጎረቤት ሁሉ "እንዴት ያለች ጨዋ ሆነች" ይላል። አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው። የእኔዋ ነጭናጫ ናፈቀችኝ። ቆጣሪዬ የሚለኝ አጣሁ።

እሷ ከመጣች ወዲህ በየቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመጨረሻው ጀልባ ከታሰረ በኋላ፣ ጋሽ ፉጨት ቡሎናቸውን ኪሳቸው ከትተው ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ... ከማዶ ይሰማል።

ጢን... ጢን።

ማዶ እንዲያሻግረኝ ካፒቴንን ለመንኩት። ቁጥር ከገጠመ በኋላ ጀልባ አይንቀሳቀስም፤ ደንብ ነው አለኝ። ደንብ! ጋሽ ፉጨት ግን ሰምተውታል። በስልክ ነገሩኝ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ ቀን ወዲህ አፏጭተው አያውቁም።

ትናንት አልቻልኩም። ብቻዬን ወደ ዳር ወረድኩ። ፀሐይ ገና አለች፤ ማዶው በግልጽ ይታያል። ሰው የለም። ቸርኬው ብቻ ይወዛወዛል።

የቁልፌን ጫፍ አወጣሁና የእኔን ቸርኬ ቀስ አድርጌ ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ።

መጣሁልሽ።

ማዶ ያለው ቸርኬ መወዛወዙን አቆመ። ከዚያ...

ጢን ጢን ጢን ጢን ጢን ጢን...

አላቆመም። እያለቀሰ የሚያንኳኳ ሰው ይመስል ነበር። የጀልባዋን ገመድ መፍታት ጀመርኩ።

ከኋላዬ እርጥብ እጅ መጥቶ እጄ ላይ አረፈ።

"ተይ እህቴ" አለችኝ፤ በዚያው በትህትናዋ። "ቁጥሩ ይበላሻል።"