ሳሞው የምሩን ነው

የኢንተርኔቱ ማማ ኮንጉሪ ላይ የቆመ ዕለት ጫፉ ደመና ወግቶ፣ ዝናብ ከወሩ በፊት ወረደ ይባላል። ውሸት ነው የሚል ካለ የራስማኔን ፍየሎች ይጠይቅ፤ በስብሰው ነው ያመሹት። ወሬውን የሚነዛው ግን ማማውን ያቆመው ቶኤ ራሱ ስለሆነ፣ ግማሹን ብቻ ማመን ይበቃል።

ቶኤ የሳሞ ጎሳ ሰው ነው። ኮንጉሪ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሞሲ ጎሳ መንደር ናት። ሳሞና ሞሲ ሲገናኙ ሰላምታቸው ስድብ ነው። ከቅድመ አያቶች የወረደ ደንብ ነውና የተሰደበ አይቆጣም፣ የተቆጣ ይቀጣል፤ አንዱ ለሌላው የሚለውንም ከቁም ነገር የሚቆጥር የለም። ስለዚህ ቶኤ ገመዱንና ብረቱን በጭነት መኪና ጭኖ ከያኮ ከተማ ሲመጣ፣ ሽማግሌዎቹ ፊታቸው በርቶ ተነሡና ውሻ በላው መጣ፣ ውሾቻችሁን እሰሩ አሉ። እሱም አሽከሮቼ እንዴት ሰነበታችሁ፣ ጌታችሁን ውሃ ጥሞታል አላቸው። ውሃ ቀረበ።

ውሃውን በቅል ይዛ የመጣችው የራስማኔ ልጅ ታላቶ ነበረች። ቶኤ ቅሉን ተቀብሎ ጠጣና ቀና ሲል ዐይኗ ዐይኑ ላይ ነው።

«ቅሉን መልስ» አለችው። «ሳሞ የሰው ዕቃ ሲያይ እጁን ይበላዋል።»

አፉን ከፈተ። መልስ የለም። ሌላ ጊዜ እንኳን ለሰው ለአህያም ስድብ የማያጣ ሰው፣ ቅሉን እንደያዘ ዝም ብሎ ቆመ። ለሳሞ ይህ ከወባ የከፋ በሽታ ነው። ታላቶም ቅሉን ከእጁ ቀስ አድርጋ ወስዳ፣ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ እያየችው ሄደች።

ማማው ከቆመ በኋላ የቀረው ሰውን ማስተማር ነበር። የመንደሩ ሴቶች ከካሪቴ ዛፍ ፍሬ ቅቤ ያወጣሉ። ቅቤውን እየመጣ የሚገዛቸው ነጋዴ ዋጋው ይህ ነው ካለ ይህ ነው፤ ሌላ ዋጋ ከየት ይሰማሉ? አሁን ዋና ከተማው ዋጋዱጉ ያለውን ገዢ ራሳቸው በስልክ እንዲያገኙት ተባለና፣ ከመካከላቸው ዘጠነኛ ክፍል የደረሰችውን ታላቶን ለትምህርቱ መረጡ። አስተማሪው ቶኤ ሆነ። ከቅቤ መውቀጫው ዳስ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ስልኩን ያነካኩ ነበር። እሷ አንዴ ካሳያት ይበቃታል። እሱ ግን ገና አልገባሽም እያለ ደግሞ ደጋግሞ ያሳያታል፤ እሷም አልገባኝም ትለዋለች።

የተቀረው ሰው ግን ስልኩን እንደ ጊንጥ ነበር የሚያየው። ማንበብ የለ፣ መጻፍ የለ። ይህን የቀየሩት የራስማኔ እናት፣ የታላቶ አያት ቲፖኮ ናቸው፤ መንደሩ ያባ፣ ማለትም አያት፣ ይላቸዋል። ለሥራ ፈቶች የተሠራ ነገር ነው ብለው ሲያጣጥሉት ከርመው፣ አንድ ቀን ታላቶ የድምፅ መልእክት ምን እንደሆነ አስረዳቻቸው። ሩቅ አገር ያለን ሳሞ እዚህ ቁጭ ብሎ መስደብ እንደሚቻል ሲገባቸው ጊዜ አላጠፉም፤ ከዶሮዎቻቸው ወፍራም ወፍራሙን ሸጠው ስልክ ገዙ። ሌሎቹ አሮጊቶችም እኛስ ከማን አንሰን አሉ። ማማውን ያስቆመው ኩባንያ ለቅስቀሳ ብሎ የላከው ጥሩምባ ሳይነፋ ቀረ። በዚያ ሰሞን ኮንጉሪ ውስጥ ዶሮ ለመድኃኒት ጠፋ የሚለውም የቶኤ ወሬ ነው።

ከዚያ ኩባንያው ቶኤን ሌላ ማማ እንዲያቆም ወደ ጋዋ ላከው፤ አገሩ ሌላኛው ጥግ ድረስ። የሄደ ዕለት ሴቶቹ እያጨበጨቡ ሌባ ሄደልን ብለው ሸኙት። ታላቶ ከዳሱ ምሰሶ ተደግፋ ቆማለች፤ አላጨበጨበችም።

«ላግባሽ እንዴ ታዲያ?» አላት በመኪናው መስኮት።

«የውሻ ጭንቅላት ጥሎሽ ይዘህ ና።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። መኪናው ቀይ አቧራውን አስነሥቶ እሷ እስክትሰወር ድረስ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ያኮ ድረስ በመስኮቱ ወደ ኋላ ሲያይ ሄደ።

ጋዋ እያለ ጠዋት ጠዋት ስልኩ ይጮሃል። «አንተ ውሻ በላ፣ ተነሣህ ወይስ ጅራትህን ታቅፈህ ተኝተሃል?» ይላሉ ያባ ቲፖኮ። ስልኩን የምትይዝላቸው ታላቶ ስለሆነች፣ ስድቡ ሲያልቅ የእሷ ሳቅ ይሰማና ይቋረጣል። ቶኤ መጀመሪያ አሮጊቷን ያዳምጣል። ቀጥሎ ያችን መጨረሻዋን ብቻ ያዳምጣል፤ ቁርሱን እየበላም፣ ብረት እየተሸከመም። ማማ ላይ ሲወጣ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞራል። ዛሬ ጠርቷል፣ ኮንጉሪን አየኋት፣ የራስማኔ ደጅ ላይ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ልጅ ቆማለች እያለ ለሥራ ጓደኞቹ ይምላል። ይስቁበታል። ሲወርድ ግን ዐይኑ የቀላ ነው፤ ነፋሱ ነው ይላቸዋል።

አንድ ጠዋት ያባ ቲፖኮ ከስድባቸው መሐል ሌላ ነገር ጨመሩ። «የዋጋዱጉ ነጋዴ ልጅ ለታላቶ የኮላ ፍሬ አስልኳል። አንተ ሳሞ፣ የውሻህን ጭንቅላት ቶሎ ላክ፣ ሙሽራህ አመለጠችህ።»

በዚያን ዕለት ሳቅ አልተከተለም።

ኮላው፣ የጋብቻ መጠየቂያው ፍሬ፣ ገና ራስማኔ ቤት በቅርጫት እንደተቀመጠ ነው። አባትየው ፍሬውን ሰብረው ለዘመድ ካከፋፈሉት ግን ነገሩ አለቀ፤ ታላቶ የሰው ናት። ቶኤ ይህን ያውቃል። ማማ ላይ ወጣ፤ ሰው አይሰማኝም ብሎ ነው። ስድቡን ሁሉ ከአፉ ለቅሞ አውጥቶ፣ በሕይወቱ ለአንድም ሞሲ ተናግሮት የማያውቀውን ተናገረ።

«ታላቶ፣ እኔ ነኝ። ቀልድ አይደለም። ያን ውሃ ከሰጠሽኝ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር አላስብም። ለአባትሽ ንገሪያቸው፣ ኮላው አይሰበር። እመጣለሁ።»

የቶኤ መልእክት ሲመጣ ዳሱ ሥር ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁሉም ማሰማት የተለመደ ነበር። ታላቶም ያን ጊዜ ምን እንደሚል ሳታውቅ እንደ ልማዷ ከፈተችው። ሴቶቹ መጀመሪያ ጸጥ አሉ። ከዚያ አንዷ ፈነዳች። ሳሞው ዛሬስ ከራሱም በለጠ፣ ያለ አንዲት ስድብ እንዲህ ያለ ቀልድ፣ ብለው ወገባቸውን ይዘው ወደቁ፤ አንዷ ቅቤው ጋን ውስጥ ገብታ በእግሯ ተጎትታ ነው የወጣችው። ያባ ቲፖኮ እንባቸውን እየጠረጉ፣ በዕድሜያቸው እንዲህ የሚዋሽ ሳሞ አይተው እንደማያውቁ ማሉ። ሳቁን ቀድተው ላኩለት።

ቶኤ ሳቁን ሰማው። ከዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል የታላቶን ፈለገ። ደጋግሞ አዳመጠ፤ የለም። ይህ ለተስፋም ይመቻል፣ ለፍርሃትም ይመቻል። በመጨረሻ ደወለላት።

«የምሬን ነው» አላት።

«ሳሞ ሁሉ የምሬን ነው ይላል።»

«እኔ ግን የምሬን ነው።»

ከወዲያ የመውቀጫው ድምፅ ይሰማል።

«ቢሆንስ በምን ልወቅ?» አለች ቀስ ብላ። «እሺ እኔ ልመንህ። አባቴስ? አንድ ሳሞ ልጅዎን የምር ይፈልጋታል ብላቸው፣ ከት ብለው ስቀው ለእኔም አንዲት አሮጊት ሳሞ ይፈልግልኝ ነው የሚሉት።»

ስልኩን ሁለቱም አልዘጉትም፤ ሂሳቡ ሲያልቅ ራሱ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ስልኩ አልጮኸም። ኔትወርኩ ነው ብሎ ማማው ላይ ወጣ፤ ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ የታላቶ መልእክት መጣ። «ያባ አረፉ» አለች፤ ድምፅዋ ደርቋል። «ዛሬ ቀበርናቸው። ዋናው ለቅሶ በሳምንቱ ነው። አንተ ካልመጣህ እኛን የሚያስቅ ማን አለ?»

አሮጊት ሞሲ ስትሞት ሳሞ መጥቶ ለቅሶውን ማፍረስ አለበት። የሟችን ልብስ ለብሶ፣ እንደ ሟች ተራምዶ፣ እንደ ሟች ተናግሮ ሐዘንተኛውን ሁሉ ያስቃል። ሳሞ ያልቀለደበት ለቅሶ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ቶኤ ሲደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። የነጋዴው ወገኖችም መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ራስማኔ ለቅሶው እንዳበቃ ኮላውን እንደሚሰብሩላቸው ቃል ገብተዋል። ታላቶ ከሴቶቹ መካከል ናት። ዐይኗን ወደ እሱ አነሣችና መልሳ መሬት ላይ ጣለችው።

ቶኤ የያባ ቲፖኮን ሽርጥ አገለደመ፣ ሻሻቸውን አሰረ፣ ምርኩዛቸውን ይዞ ጎበጠ። ገና ብቅ ሲል ሳቁ ተነሣ። ሽማግሌዎቹን በምርኩዙ እየነካ፣ በጠዋቱ ዶሎ፣ የማሽላው ጠላ፣ የሸተተኝ ከማን አፍ ነው አለ በእሳቸው ድምፅ፤ ቁርጥ እሳቸውን። ሰው ተንፈራፈረ። ከዚያ ግቢው መሐል ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ወደ ጋዋ አዙሮ፣ ስልክ እንደያዘ ሰው እጁን ወደ አፉ አስጠጋ።

«አንተ ውሻ በላ፣ ተነሣህ ወይስ...»

እዚያ ላይ ድምፁ ተሰበረ። እንደገና ሞከረ። አልወጣ አለው። ምርኩዙ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ሰዉ ግን ይብስ ሳቀ። እዩት፣ እዩት፣ እንባ አመጣ፣ ሽንኩርት ከየት አገኘ እያሉ አጨበጨቡ። የነጋዴው ወገን አንዱ ሳንቲም ወረወረለት። ቶኤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ በሟች ሻሽ ፊቱን ሸፍኖ፣ ሳቁ መሐል ብቻውን ቆሞ ቀረ። እንባውንም የሚያምነው ሰው የለም።

ታላቶ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል አልፋ አጠገቡ ደረሰች፤ ምርኩዙን ከእጁ ወሰደች።

«ተዉት» አለች። «ሳሞው የምሩን ነው።»

ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየደበዘዘ ጠፋ። ፍየሎቹ እንኳን ዝም አሉ ይባላል። ራስማኔ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቶኤን ከቅርብ አዩት፤ እንባው ከአገጩ ይንጠባጠባል። እናታቸውን የሚያለቅስ ሳሞ በዘመናቸው አይተው አያውቁም።

«አባ፣ ያኔም የምሩን ነበር» አለች ታላቶ።

«መቼ?»

«ዳሱ ሥር የሳቅን ዕለት። እኔም ያን ቀን አልሳቅሁም።»

ራስማኔ ልጃቸውን አዩ፤ ቶኤን አዩ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረው፣ ወገኖቼ፣ ኮላችሁን በክብር እመልስላችኋለሁ፣ ልጄ አፏን ከፍታ ነግራኛለች፣ ልጁም በእናቴ ለቅሶ ፊት ዋሽቶ አላለቀሰም አሉ። እንግዶቹ አኩርፈው ተነሡ። አንድ ሽማግሌ፣ ታዲያ ከእንግዲህ ይህን ሳሞ አንሰድበውም ማለት ነው ብሎ ጠየቀ።

«አማች አይሰደብም» አሉ ራስማኔ።

መንደሩ በሙሉ በዚህ አዘነ። ከያባ ቲፖኮ ሞት ቀጥሎ የሰማው ክፉ ወሬ ይህ ነበር።

የቶኤ አጎቶች ከማሽላው መከር በኋላ ለጋብቻው ደንብ እንዲመጡ ተቀጠረ። ታላቶ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘችው። ስድቡ ቀርቷል፤ ሌላ ቋንቋ ደግሞ አልለመዱም። ጎን ለጎን ሄዱ። አንዴ እሱ አፉን ከፈተና ተወው፤ አንዴ እሷ። አውቶቡሱ ሲመጣ እጁን ያዘችና አልለቀቀችም፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን እስኪነፋ ድረስ።

ጋዋ በገባ በማግስቱ መልእክት ደረሰው። ከታላቶ ነው። ማማው ወገብ ላይ በቀበቶው እንደተንጠለጠለ ከፈተው። ቃል የለበትም። የዘነዘና ምት ከሩቅ፣ ቀረብ ብሎ ደግሞ ትንፋሽ፤ ልትናገር ብላ የተወችው፣ መልሳ የሳበችው ትንፋሽ። እስከ መጨረሻው አዳመጠና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ከበታቹ የተንጠለጠለው ጓደኛው አንገቱን አስግጎ፣ ስልክህ ተበላሽቷል እንዴ አለው።

«ምንም አይሰማም እኮ።»

«ይሰማል» አለ ቶኤ።