እታለም ያልተፋችው እንጉዳይ

ይሄን ስነግራችሁ "ፈጠራ ነው" የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። በሉ። እኔ የምነግራችሁ ግን በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰማዩ ዝናብ አርግዞ ያጉረመርማል። እኔና ታላቅ እህቴ፣ እታለም የምላት፣ ጫካው ጥግ ባለችው የሥራ ክፍላችን ውስጥ ነን።

ሥራችን የአካባቢውን የዱር እንጉዳይ መለየት ነው። ለቅመን እናመጣለን፣ ቀለሙንና ሽታውን እናያለን፣ ከየዘመዱ እንመድበዋለን።

አንዳንዱን ደግሞ እንቀምሰዋለን። አትደንግጡ... ቁራጯን በምላስ ጫፍ ነክቶ፣ መምረር አለመምረሯን አይቶ፣ ወዲያው እንትፍ ነው። የሙያው ልማድ ነው። እታለም በዚህ የሚስተካከላት የለም። "ምላሴ ከማይክሮስኮፕ ይበልጣል" እያለች ታስቀኛለች።

የዚያን ቀኑ እንጉዳይ ግራጫ ነበር። አይተነው አናውቅም። ሲነኩት... ይሞቃል።

ቀመሰችው።

"እሺ፣ ትፊው" አልኳት።

ዓይኖቿን ጨፈነች።

"እታለም፣ ትፊው እንጂ!"

አፏን ከፍታ አሳየችኝ። ባዶ ነው።

"ዋጥሽው እንዴ?"

"አልዋጥኩትም" አለች በሹክሹክታ። "ራሱ ነው የገባው..."

ክው አልኩ። ለምናውቀው ሐኪም ደወልኩ።

"ምን ዓይነት እንጉዳይ ነው?"

"አላውቀውም ዶክተር!"

"እየመጣሁ ነው። እስክደርስ ለይተሽ ጠብቂኝ። ካልታወቀ በጭፍን ነው የማክማት፤ እንዳናጣት እፈራለሁ።"

መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። የአካባቢው እንጉዳይ ሁሉ ደርቆ፣ ስሙ ተለጥፎበት እዚያ አለ። ይሄኛው አንዱንም አይመስልም። ከተረፈው ላይ ቆርጬ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁት።

ቀጫጭን ክሮች ታዩኝ።

ይንቀሳቀሳሉ...

"አትድከሚ ሚጣዬ" አለችኝ ከኋላዬ። "እዚያ ውስጥ የለንም።"

"እነማን?"



ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ጫማዎቿ ሥሩ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዝናቡም ጀምሯል።

እየጮህኩ ወጣሁ።

ጓሮ ቆማለች። ፊቷን ወደ ሰማይ አንጋጣ፣ አፏን ከፍታ ዝናቡን ትጠጣለች። እህቴ ናት እኮ! እናትም አባትም ሆና ያሳደገችኝ... ከሷ ሌላ ማን አለኝ? ሮጬ ወገቧን አቅፌ ጎተትኳት።

ፍንክች አልል አለች።

ወደ ታች አየሁ። እስከ ቁርጭምጭሚቷ አፈር ውስጥ ገብታለች። ተንበርክኬ በጥፍሬ ቆፈርኩ። የእግር ጣቶቿን ፈለግኩ... ፈለግኩ...

የሉም። ነጫጭ ክሮች ብቻ ናቸው። ተጠላልፈው ወደ ጫካው ይሄዳሉ።

"እታለም... እባክሽ..." ማልቀስ ጀመርኩ።

ሳታየኝ እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች። ልጅ ሆኜ ስታባብለኝ እንዲህ ታደርግ ነበር።

"ቀስ" አለችኝ። "አትጎትቺኝ... ሌሎቹን ትቀሰቅሻቸዋለሽ።"

የሐኪሙ መኪና ደጅ ሲቆም ሰማሁ። ልጠራው አፌን ከፈትኩ።

የተንበረከኩበት መሬት... ከነእኔ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይነሳ ጀመር።