ለልጆች የሚሆን ሰፈር

ወይዘሮ አየለች ከሆቴሉ የኋላ ደረጃ ግርጌ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ነጠላቸው ከትከሻቸው አልወረደም፤ ዙሪያቸውን ውሃ ፈስሷል። የአዳማ የዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ እንኳ ጥጉን ገና አላደረቀውም።

«ጽዳቷ ናት» አለ ሥራ አስኪያጁ ኡርጌሳ፣ ኢንስፔክተር ሰርክአዲስን በወጉ ሰላም ሳይላት። «ደረጃውን አጥባ ሳትወለውል ሄደች። ሴትዮዋ ዓይናቸው ደካማ ነው፤ አንሸራተታቸው። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።»

ጽዳቷ ፎዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አንድ ፖሊስ ክንዷን ይዟል። የሥራ ጋዋኗ ደረቱ ላይ በወተት ርሷል፤ የአራት ወር ልጇን ለጎረቤት ትታ ነው የወጣችው፣ የማጥቢያዋ ሰዓትም ካለፈ ቆይቷል።

«ወላሂ አላጠብኩም! ዛሬ በምን ውሃ...»

«ጣቢያ ስትደርሺ ትናገሪያለሽ» አላት ፖሊሱ።

«እኔ ሳልጨርስ የትም አትሄድም» አለች ሰርክአዲስ። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስትቆይ እንደ ችኩል ሰው የሚያበሳጫት ነገር አልነበረም። አሁን ደግሞ «አንሸራቷቸው ነው» ብላ ብትፈርም ይቺ ልጅ ማታ የምታድረው ከሕፃኗ ተለይታ ጣቢያ ነው፤ ይህንንም አልዘነጋችም።

ተንበረከከች። የሟቿ ጫማ ሶል ደረቅ አቧራ ይዟል። የቀሚሳቸው ጠርዝ በስብሷል፤ ከወገባቸው ሥር ያለውን ሊሾ በእጇ ስትዳብስ ግን ደረቅ ነው። ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ አሸተተችው። ሳሙናም በረኪናም አይሸትም።

የሟቿ ቤተሰብ ከደራ የመጣው ትናንት ነው፣ ለእሳቸው የዓይን ሕክምና። ልጃቸው ሽታዬ ምድር ላይ ባለው ክፍል ሁለት ሴቶች ልጆቿን አቅፋ ተቀምጣለች።

«እማዬ ስንነሣ ሦስት ነገር ብቻ ነው የጠየቀችው» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ለዓይን ክሊኒኩ የቀረበ፣ ጭፈራ ቤት የሌለበት፣ ደረጃ የማያስወጣ ይሁን አለች።»

«ታዲያ ከክሊኒኩ ይህን ያህል ርቃችሁ ለምን አረፋችሁ?»

«ባለቤቴ ፈዬራ ለሥራ ስለሚመላለስ ከተማውን ያውቀዋል። የክሊኒኩ ጀርባ የሌባ መናኸሪያ ነው፣ ልጆች ተይዞ አይታደርበትም አለን።»

ሰርክአዲስ መጻፏን አቆመች። ከክሊኒኩ ጀርባ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ያጠበችውን ልብስ ውጭ ረስታ አድራ ጠዋት እዚያው አግኝታዋለች። ሰፈሯን እንዲህ ሲያሙባት ደሟ ፈላ፤ ግን ዋጥ አደረገችው።

«ከምሳ በኋላስ?»

«ልጆቹን ሳስተኛ እኔንም እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ልጄ ኤቢሴ ‹ውሃ፣ ውሃ› ትላለች። ፈዬራ ጠዋት የገዛው እሽግ አልቋል። ሌላ እንዲያመጣ ላክሁት፤ ወዲያው ጩኸት ሰማሁ።»

ሰርክአዲስ የቆሻሻ ቅርጫቱን አየችው። ስድስት ትልልቅ የውሃ ጠርሙሶች፣ ሁሉም ባዶ። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፈተች፤ ተንፈስ ተንፈስ ብሎ ዝም አለ። ከአልጋው ራስጌ አንድ ከዘራ ቆሟል።

«የእሳቸው ነው?»

«አዎ። ያለ እሱ እኮ ሁለት እርምጃ አትሄድም...» ሽታዬ ንግግሯን ሳትጨርስ ከዘራው ላይ ፈዝዛ ቀረች።

የሟቿ የወንድም ልጅ ጀቤሳ ግቢ በሩ ላይ መኪናው አጠገብ ነበር። ደራ ያለውን የአክስቱን ቤት እሱ እንደሚመኘው፣ ማታ ሲነጋገሩ የሰማው ኡርጌሳ ሹክ ብሏታል።

«ጎማዬ ተንፍሶ ሳስለጥፍ ነው የዋልኩት፤ ራሱ ኡርጌሳ ከምሳ ጀምሮ አጠገቤ ነበር» አለ ጀቤሳ፤ ኡርጌሳም በግዱ ራሱን ነቀነቀ። «ጠዋት ክሊኒክ የሄድነውም በባጃጅ ነው። ነጂው ደግሞ ጉደኛ ነው! ፈዬራን እዚህ በር ላይ ሲያየው ‹አካም ጅርታ፣ አባ ጫላ!› ብሎ በጩኸት ሰላም አይለውም? የጫላ አባት ማለቱ እኮ ነው። የፈዬራ ልጆች ሁለቱም ሴቶች ናቸው፤ ጫላን ከየት ያመጣል? ‹ሰው ተሳስተሃል› አለው። እኔ በሳቅ ልሞት!»

«አክስትህስ ሳቁ?»

ጀቤሳ ፈገግታው ጠፋ። «አልሳቀችም። ክሊኒክ ደርሰን እስክንመለስ ትንፍሽ አላለችም።»

«የነጂው ስልክ አለህ?»

«ምልኬሳ ይባላል። ነገም እንዲወስደን ይዤዋለሁ።»

ፈዬራ አዲስ የውሃ እሽግ አቅፎ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል።

«እናቴ ማለት ነበሩ፣ ኢንስፔክተር። ሽታዬ ውሃ እስክትልከኝ እኔ በረንዳው ላይ ስልኬን እየነካካሁ ነበር። ማንም አላየኝም፤ ሰው ሁሉ ተኝቷል።»

«ከክሊኒኩ ጀርባ የሚያውቁት ሰው አለ?»

«ማንንም አላውቅም። ሌባ የበዛበት ነው።»

«ምን ሰረቁዎት?»

«እ... እኔን እንኳ አይደለም። ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው።»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰርክአዲስ ሁሉንም ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። ፎዚያ አሁንም ከፖሊሱ ጎን ናት።

«አቶ ኡርጌሳ፣ ዛሬ በዚህ ሰፈር ውሃ አለ?»

«የለም፤ ፈረቃችን ነገ ነው። ከሮቶው የቀረችውን ለወጥ ቤት ቆልፌባታለሁ።»

«ታዲያ ፎዚያ ደረጃውን በምን አጠበችው?»

ኡርጌሳ ዓይኑን ከፎዚያ ላይ አነሣ፤ ሰርክአዲስ ቀጠለች።

«ሟቿ የወደቁት ደረቅ ሊሾ ላይ ነው። ውሃው ኋላ የመጣ ነው፤ ሰው አምጥቶ አፈሰሰው። ንጹሕ የታሸገ ውሃ ነው። ያ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ሲያጣ ለልጆቹ የተገዛውን ገለበጠው። ቧንቧው ከደረቀ የጽዳቷም ባልዲ እንደሚደርቅ አላሰበም።» ወደ ሽታዬ ዞረች። «እናትሽ ከዘራቸውን ትተው የወጡት የሚያምኑት ሰው ክንዱን ስለሰጣቸው ነው። አንቺ ከልጆቹ ጋር ተኝተሻል፤ ጀቤሳ በር ላይ ነበር።»

ፈዬራ ብድግ አለ። «በጠርሙስ ውሃ ነው ሰው የምትከሺው?»

«አይ፣ በሰፈር ነው። ከመጀመሪያው ያላማረኝ እሱ ነው። ለአማትህ የሚመች ሰፈር እያለ ስሙን አጠፋህ። እዚያ የምትፈራው ሌባ ሳይሆን ሰላምታ ነበር። በልጅህ ስም የሚጠራህ ልጅህን የሚያውቅ ጎረቤት ነው።» በሩን ከፈተች። «ግባ፣ ምልኬሳ።»

ባጃጅ ነጂው ኮፍያውን አውልቆ ገባ። «አባ ጫላ ጎረቤታችን ነው» አለ፣ ፈዬራን ላለማየት እየተጠነቀቀ። «ከክሊኒኩ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር ጋ ነው ቤቱ። ልጁን ትምህርት ቤት የማመላልሰው እኔ ነኝ።»

ፈዬራ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «‹ከእንቅልፏ ስትነቃ ንገራት፤ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› አሉኝ። ላይ ነፋስ አለ ብዬ ይዣቸው ወጣሁ፤ እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኋቸው። ሊወርዱ ሲዞሩ... ገፋኋቸው።»

ፖሊሱ የፎዚያን ክንድ ለቀቀ። ሽታዬ ወደ ባሏ ዞረች።

«ጫላ ስንት ዓመቱ ነው?» አለች።

ፈዬራ መሬት መሬቱን ያያል። ምልኬሳ መለሰላት። «ሰባት ሞላው።»

«ኤቢሴ ስድስት ናት» አለች። ከዚያ በኋላ ባሏን ቀና ብላ አላየችውም።

ሲወስዱት ሰርክአዲስ አጠገቧ ተቀመጠች። «አስከሬኑ እስኪመረመር እስከ ነገ ከተማው ውስጥ መቆየታችሁ ነው። የት ታድራላችሁ?» የራሷን ሰፈር ልትጠራ አሰበችና አረንጓዴው በር ትዝ ሲላት ተወችው። ዘጠኝ ዓመት የተመካችበት ሰፈር ለዚች ሴት አይሆንም።

«እማዬ፣ ውሃ» አለች ኤቢሴ።

ሽታዬ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው እሽግ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ በእጇ ጀርባ ገፋችው። ወደ ልጇ ልትሮጥ በሩ ላይ የደረሰችው ፎዚያ ተመለሰች። ከቦርሳዋ ያረጀ ኮዳ አውጥታ ለኤቢሴ ያዘችላት።

«ከቤቴ የቀዳሁት ነው። ዛሬ የእኛ ተራ ነበር።»

ኤቢሴ ጠጥታ ለእህቷ አቀበለች። ሽታዬ ኮዳውን ለፎዚያ መለሰችላት።

«ሰፈርሽ ሩቅ ነው?»

«በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ቤቴ ግን አንድ ክፍል ናት፤ ሕፃኑም ያለቅሳል።»

ሽታዬ የእናቷን ከዘራ ከክፍላቸው አነሣች፤ ልጆቿንም በእጇ ይዛ ተከተለቻት።