ዋንዛ ወይስ ቀርከሃ

«ንገሪው! ቀርከሃ የዶሮ ቤት መሥሪያ ነው በይው! የኔ ወንድም ዶሮ ነው እንዴ?»

የዝናሽ በሁለቱ መሀል ቆማለች። አጎቷ ምንውየለት ደጃፉ ላይ ቆሞ በአማርኛ ይጮኻል፤ ጎረቤታቸው ኻሚስ ደግሞ ትከሻው ላይ የነበረውን የቀርከሃ ሸክም ግቢው ውስጥ አውርዶ መልስ ይጠብቃል። አባቷ አሻግሬ ጓዳ ውስጥ ተገንዞ ተኝቷል፤ እናቷ አጠገቡ ተቀምጣለች። ንዳድ ይዞት ሰንብቶ ትናንት ማታ አረፈ። በሰፈሩ በርታኛውንም አማርኛውንም አቀላጥፎ የሚናገረው እሱ ነበር፤ እሱ ዝም ሲል ነገሩ ሁሉ በአሥራ አራት ዓመት ልጁ ምላስ ላይ ወደቀ።

«ምን አለ?» አላት ኻሚስ በበርታኛ።

«በቀርከሃው ደስ ብሎታል» አለች የዝናሽ። «ግን በአገራቸው የሬሳ ሣጥን ከእንጨት ነው የሚሠራው ይላል።»

ኻሚስ ራሱን ነቀነቀ። የዝናሽ ተነፈሰች። ውሸት እንዲህ ላብ በላብ የሚያደርግ አይመስላትም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሻግሬ ከጎጃም ወርዶ በአሶሳ ገበያ ጨውና ቡና ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ የእስላም ሰፈር ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን የለም። በአካባቢው የሰፈሩ ወታደሮች በቅርቡ የተከሏት ሚካኤል አንድ ሙሉ ቀን ታስኬዳለች፤ ያውም በቀርከሃ ጫካ ውስጥ አልፎ፣ ገደል ወርዶ፣ ዳገት ወጥቶ። አሻግሬ በታመመ ጊዜ የልጁን እጅ ይዞ «የዝናሽዬ፣ ሜዳ እንዳልቀር። ሚካኤል አድርሱኝ፤ ፍትሐት ይደረግልኝ» አላት። እሷም «እሺ አባዬ» አለች። እሺ ማለት ምን ይገዳል! ግን ማን ይሸከማል? ሬሳ በአህያ መጫን ነውር ነው። ዘመድ የሚባለው ከስንት ዓመት በኋላ መጥቶ ወንድሙ ዓይኑን ሲከድን የደረሰው ምንውየለትና አብሮት የመጣው ጫኙ ብቻ ናቸው። የቀሩት የኻሚስ ሰዎች ናቸው። እነሱ ተቀይመው ወደየቤታቸው ከሄዱ አሻግሬ በቃ ሜዳ ቀረ።

«ይቺን በር እነቅላታለሁ» አለ ምንውየለት የቤቱን በር በመዳፉ እየመታ። በሩ ከአንድ ወጥ ዋንዛ የተጠረበ፣ ጣት የሚያህል ሳይሆን መዳፍ የሚያህል ውፍረት ያለው ነው። «ፈልጬ በጠፍር አስራታለሁ፤ ሣጥን ትሆናለች። ወንድሜ እንደ ወግ እንደ ማዕረጉ ይቀበራል!»

የዝናሽ ይህንን እንዳለ ለኻሚስ ነገረችው። ሰውየው ወደ ጫካው እጁን ዘረጋ።

«መንገዱ ጎን ለጎን ሁለት ሰው አያሳልፍም» አለ በበርታኛ። «ሣጥኑን በአጣና ላይ አንጠልጥለን አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ እየተቀያየርን ነው የምንሄደው። ቀርከሃ ከሆነ ሚካኤል ድረስ እንወስደዋለን። ያ እንጨት ከሆነ ግን ገደሉ አፋፍ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ እዚያው ትቀብሩታላችሁ። እውነቱን ንገሪው።»

ነገረችው።

«ሰነፎች ናችሁ በያቸው!» ብሎ ምንውየለት መጥረቢያ ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባ።

«ትንሽ ላስብበት ብሏል» አለች የዝናሽ። ጆሮዋ ሳይቀር ጋለ።

ኻሚስ ቀርከሃው አጠገብ ቁጢጥ አለና ጠራት። ጫፉን አስይዟት በቢላዋ መሰንጠቅ ጀመረ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአማርኛ፦

«የዝናሽ። ዶሮ ቤት አለ። ሰነፍ አለ። እኔ ሰማ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች! ቀርከሃው ከእጇ አመለጠ።

«ከአባትህ ጋር ስንት ጊዜ ገበያ ሄደ እኔ» አለ ኻሚስ። «አማርኛ ጆሮ ገባ። አፍ ነው እምቢ ያለ።»

«እና… አልተቀየሙም?»

«ወንድም ሞተበት፣ ይጮኻል። እኔም ወንድም ሲሞት በጣም ጮኸ። አባትህ ዝም ብሎ ሰማኝ።» አሁን ቀና አለ። «እኔ አሻግሬን ነው የሚሸከም። እሱን አይደለም። ያዝ፣ ያዝ፣ ቀርከሃ ወደቀ!»

የዝናሽ ቀርከሃውን መልሳ ያዘች። እያለቀሰች ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች። ማን እንደሚያያትም ግድ አልሰጣት። እፎይ! ተሸካሚዎቹ ተቀይመው አይሄዱም። የቀረው አጎቷ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በአማርኛ መጋፈጥ ትችላለች።

ምንውየለት በሩን ነቅሎ፣ መሬት ላይ አጋድሞ፣ መጥረቢያውን አንሥቷል።

«ጋሼ፣ ከመፍለጥዎ በፊት አንድ ጊዜ ይሸከሙት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«እርስዎ ከፊት፣ ጫኝዎ ከኋላ። እስከ ጫካው መግቢያ ብቻ። ሬሳም የለበትም፣ ባዶውን ነው።»

ምንውየለት አፈጠጠባት። ሴት ልጅ እንዲህ ስትናገረው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ግን ኩሩ ነው፤ አልችልም ማለት አልሆነለትም። ጫኙን ጠርቶ አነሡት። ግቢውን በደህና አለፉ። ከአጥሩ ወዲያ ምንውየለት ማቃሰት ጀመረ። ቀጭኑ መንገድ አፍ ላይ ሲደርሱ በሩ ከግራም ከቀኝም በቀርከሃው ተያዘ። በጎኑ አዞሩት፤ ባሰ። ሁለት ጊዜ ገፍቶ፣ በሦስተኛው ትከሻው እምቢ አለና በሩ ዱብ አለ። ምንውየለትም በላዩ ላይ ተቀመጠ። ላቡ ነው ስትል ለካስ እንባው ነው።

«እናታችን ልጄን በምን ቀበርከው ብትለኝ ምን እላታለሁ?» አለ። «ስንት ዓመት ሙሉ ና እያለ ሲልክብኝ፣ ዘንድሮ ከርሞ እያልኩ ቀረሁ። አሁን እንኳ ደህና ሣጥን ላሠራለት ብዬ እኮ ነው፣ የዝና።»

የዝናሽ አጠገቡ ተቀመጠች። ልቧ ራራለት፤ እስከ አሁን ግን ልታንቀው ጥቂት ነበር የቀራት።

«የአገሩ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ተሸክሞ ሚካኤል አደረሰው ይበሏት» አለች። «እውነት ነው፤ ካደረሱት።»

አጎቷ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገ። «ይሁን» አለ። «ቀርከሃው ይሁን።»

ከዚያ በኋላ ሥራው የደቂቃ ነበር ማለት ይቻላል። የኻሚስ ሰዎች ሰነጠቁ፣ ጠረቡ፣ ጎነጎኑ። ሣጥኑ አረንጓዴ ሆኖ፣ ለስልሶ፣ ክዳን ሳይቀር ገጥሞ ወጣ። እናቷ ውስጡ ነጭ ጋቢ አነጠፈችበት፤ በእጇም ዳሰሰችው። «ተመስገን! አሁን ይደርስልኛል» አለች። ምንውየለትም ባዶውን በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ «ወይ ጉድ! ላባ እኮ ነው!» ሲል፣ በዚያ ሐዘን መሀል ጥቂት ሰዎች ፈገግ አሉ።

አሻግሬ ገባ። አጣናው ተሰካ። ኻሚስ ከፊት ሆኖ ትከሻውን አስጠጋ።

ምንውየለት የዝናሽን በእጁ ጠቀሳት። «ነይማ፣ አንድ ነገር ንገሪልኝ» አለ ዓይኑን መሬት መሬት እያየ። «ተናድጄ ነው በይው። ያልሆነ ነገር ተናግሬያለሁ፤ ይቅር በለኝ ይላል በይው።»

የበርታኛው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ለስላሳ፣ የተስተካከለ፣ ማንንም የማያሳፍር። የዝናሽ መልሳ ዋጠችው።

«ራስዎ ይንገሩት ጋሼ። አማርኛ ይሰማል።»

የአጎቷ ፊት ጠቆረ። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ምንውየለት ቆመ። ወደ ኋላ ቤቱን አየ፣ ወደ ፊት ኻሚስን አየ። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ እያጣፋ፣ ቀስ ብሎ ወደ አጣናው ሄደ።

የዝናሽ አልተከተለችውም። ምን እንደሚባባሉ ለመስማትም አልቆመች፤ የእናቷን ክንድ ይዛ መንገድ ጀመረች።