ከድንቹ ሥር

የቤቱ ምራት ከምሳ ጠረጴዛው አጠገብ ወድቃ ሞታለች። ከንፈሯ አብጧል፤ አንገቷን በጥፍሯ ቧጭራዋለች። ሰው በበሽታ ይሞታል፣ በመኪና ይሞታል። በገዛ ቤቱ፣ በሚወደው ድንች መሞት ግን ምን የሚሉት ጉድ ነው?

መርማሪዋ ስትደርስ ሳጅኑ ካቴናውን አውጥቶ የባልየውን እህት ክንድ ይዟል።

«ያበሰለችው እሷ ናት። ሌላ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?»

«ምን ያጣድፍሃል? እስክጨርስ ካቴናውን ኪስህ ክተት።»

እህትየው የሆቴል አብሳይ ናት። ከእንባዋ ንዴቷ ይቀድም ነበር።

«ሐኪሙ ‹ወተትና ቅቤ ይገድልሻል› ካላት ወዲህ የተፈጨ ድንች እንዳማራት ቀረ። ከልጅነቷ የምትወደው ነው እኮ! በወተቱ ፋንታ ድንቹ የተቀቀለበትን ውሃ፣ በቅቤው ፋንታ ዘይትና የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት እያደረግሁ ስንቴ ደፍቼ ስንቴ እንደሠራሁት! ድስቷ ለብቻ፣ ማንኪያዋ ለብቻ፣ ሰማያዊ ሳህኗ ለብቻ። ታዲያ እኔ ልግደላት?»

«ሳህኑን ማን ሰጠሽ?»

«ወንድሜ። እሱ ምድጃ ውስጥ ያሞቃል፣ እኔ እሞላለሁ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።»

አማትየው ሳሎን ውስጥ ጉልበታቸውን በፋሻ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ያለ ደጋፊ ከወንበሩ አይነሱም።

«ቅብጠት ነው እል ነበር፤ አልዋሽም» አሉ። «በእኛ ጊዜ ቅቤ ማንን ገደለ? ሳል ሲያፍናት ግን ደነገጥኩ። አምቡላንስ ይጠራ ስል ልጄ ‹ተዉአት፣ ታስመስላለች› አለን።»

«የቤቱ ስልክ ማን ጋ ነበር?»

«እሱው እጅ ላይ።»

ባልየው በረንዳ ላይ ፊቱን ሸፍኖ ያለቅሳል።

«እህቴ ችኩል ናት» አላት። «ድስቱ ተምታቶባት ይሆናል።»

መርማሪዋ ጥርሷን ነክሳ ወጥ ቤት ገባች። ትንሹን ድስት አሸተተች፤ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ብቻ። ሰማያዊው ሳህን ላይ የተረፈውን ድንች በሹካ ገለበጠችው። ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸውና ሳህኑን ፊታቸው አስቀመጠች።

«ይሄ ከሥር የረጋው ቢጫ ነገር ቅቤ ነው። ዘይት እንዲህ አይረጋም። ከላይ የለም፣ ድስቱ ውስጥም የለም። እንግዲህ ቅቤው ከድንቹ በፊት ሳህኑ ላይ ነበር ማለት ነው።»

«አብሳይዋ ራሷ ቀብታው ቢሆንስ?» አለ ሳጅኑ።

«ድስቱ በእጇ እያለ ሳህን ምን አስቀባት? እዚያው ጨምራ ብታማስለው ማን ያያታል? ሳህን ቀብቶ ድንች የሚያስደፋበት ድስቱ ጋ መድረስ ያልቻለ ሰው ነው። ከሟች ብቻ አይደለም፣ ከአብሳይዋም ነው የደበቀው። እማማ ከወንበራቸው አልተነሱም። ሳህኑን ያሞቀው ማን ነው?»

ሁሉም ወደ ባልየው ዞሩ።

«ልገድላት ብዬ አልነበረም!» ብሎ ጮኸ። «ሳታውቅ በልታ ምንም እንደማትሆን ላሳያችሁ ነበር! ቤቱ በእሷ ሆድ ምክንያት ሲታመስ መረረኝ!»

«ትንፋሽ ሲያጥራትስ?»

«ጣዕሙን አውቃ የምታስመስል መሰለኝ።»

«ስልኩ እጅህ ላይ ነበር!» መርማሪዋ ጮኸችበት። «ያኔ ብትደውል ትተርፍ ይሆናል። አልበቃ ብሎህ ደግሞ ዓይንህን በጨው አጥበህ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ፣ እህትህን ልታሳስር!»

ሳጅኑ የእህትየውን ክንድ ለቀቀ። እሷም ሄዳ ወንድሟ ፊት ቆመች። እሱ ግን ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ አንቺ ራስሽ ቅብጠት ነው ስትይኝ አልነበረም?»



«ብያለሁ» አሉ እናቱ። «እኔን ፈጣሪ ይጠይቀኝ።» ከዚያ ሳጅኑን ቀና ብለው አዩት። «ልጄ ነው። ውሰደው።»