የሀይደር ኢንተር

ይህን ፈጥሬ የማወራ የሚመስለው ካለ ሄዶ ኢክራምን ይጠይቃት።

ሆሳዕና፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት አገልግሎት ቤት አላት። በጨለማ አይደለም... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሆነው።

ቤቱን የከፈተችው ከታላቅ ወንድሟ ከሀይደር ጋር ነበር። ሀይደር ሀደሮ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ሞተ፤ አላህ ይርሐመው። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዳይነካው ብላ የእሱን ኪቦርድ ከመጋረጃው ጀርባ፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች። ገመዱ ከምንም ጋር አልተያያዘም።

በዚያ ቀን ሶስና መጣች። ሞርሲቶ ከተማ እያስተማረች በክረምት የምትማር እኩያዋ ናት።

«ኢክሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ተበታትኖብኛል። ሀይደር ነበር የጻፈልኝ። ዛሬ ካላስረከብኩ አልመረቅም!»

ኢክራም ፋይሉን ከፍታ ፈገግ አለች። ሀይደር አንቀጽ በጨረሰ ቁጥር ወደ አዲስ መስመር የሚያወርደውን ቁልፍ፣ ኢንተርን፣ ሁለቴ የመምታት አመል ነበረው። ምልክቱ ወረቀት ላይ አይታይም፤ ጽሑፉን ግን ያራርቀዋል።

ዎርድ የማይታየውንም ምልክት ፈልጎ ያገኛል። ፋይንድ የሚባለው መፈለጊያ ውስጥ ገባች፤ የኢንተርን ምልክት ሁለት ጊዜ አስገባች፤ ፈልግ አለችው።

የመጀመሪያው ተገኘ።

ቀጭ... ቀጭ።

ከመጋረጃው ጀርባ።

አይጥ ነው አለች በልቧ። ደግማ ፈለገች።

ቀጭ... ቀጭ።

እጇን አነሳች። ዝም አለ።

«ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» አለች ሶስና ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የለም።»

«ታዲያ ማነው የሚጽፈው?»

ኢክራም ወደ መጋረጃው ዞረች። የቁልፉን አመታት ታውቀዋለች። ለዓመታት ከጎኗ ስትሰማው የኖረችው ነው...

ከዚያ ድምፁ ቀደማት።

እጇ ጭኗ ላይ ነው። ቀጭ... ቀጭ። ስክሪኑ ላይ ቀጣዩ ምልክት ተገኘ። ቀጭ... ቀጭ። ሌላው ተገኘ።

«አጥፊውና ልሂድ» አለች ሶስና በሹክሹክታ። «በኢየሱስ ስም፣ አጥፊው!»

ማጥፋቱ ቀላል ነው። ድርቡን ኢንተር ሁሉ በነጠላ ቀይር ማለት ብቻ። ግን የወንድሟ ጣቶች የነኩት ነው... ሌላ ምን ቀርቷታል?

«አፉ በለኝ ሀይደሬ...»

ተጫነችው።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ በረዶ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ወረደ። ቀጭቀጭቀጭቀጭ...

ከዚያ ጸጥ።

ሶስና ኢክራም ያተመችላትን ወረቀት ከፕሪንተሩ ሰብስባ፣ ሳትሰናበት ወጣች።

ኢክራም ቢስሚላህ ብላ መጋረጃውን ገለጠች። ኪቦርዱ በቦታው ነው። ገመዱም እንደተጠቀለለ።

ማንም የለም።

ተመልሳ ተቀመጠችና አንዴ ደግማ ፈለገች። አልተገኘም አላት። ያኔ እንባዋ መጣ።

ፋይሉን ልትዘጋ ስትል... ከርሰሩ፣ ብልጭ ድርግም የሚለው የመጻፊያ ምልክት፣ አንድ መስመር ወረደ።

እንደገና ወረደ። ባዶ ገጽ... ሌላ ባዶ ገጽ...

አሁን ድምፅ የለም።

ዓይኗን ወደ ታች መለሰች። የራሷ ኪቦርድ ላይ፣ ኢንተር ብቻውን ይሰምጣል... ይነሳል... ይሰምጣል።

ለማስቆም ጣቷን አኖረችበት።

ቆመ።

ከዚያ ጣቷ ላይ አንድ ነገር አረፈ። ሞቅ ያለ ነገር።

ቀስ አድርጎም... ጣቷን ወደ ታች ተጫነው።