የመጨረሻዎቹ አርባ ትልሞች

«እጅሽን ከሳጥኑ ላይ አንሺ አልኩሽ!»

ኬልሲ አላነሳችም። ወንድሟ ትሬንት በበቆሎው መሃል እየሮጠ ሲመጣ ድምፁን ከሩቅ ሰምታዋለች፤ አሁንም የሶፍት ስታርተሩን ስክሪን በአውራ ጣቷ እየገለበጠች ነው። ይህ የመቆጣጠሪያ ሳጥን የውሃ ፓምፑን ሞተር ባንዴ ሳይሆን ቀስ እያለ ያስነሳዋል፤ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲሠራም ይቆርጠዋል። የሚቆርጠው ግን የሞተሩን አቅም በትክክል ከነገሩት ነው። ሞተሩ ጎን ላይ የተለጠፈችው ብረት 72 አምፒር ትላለች። ስክሪኑ 96 ይላል።

«ዘጠና ስድስት የድሮው ሞተር ቁጥር ነው» አለችው። «አንተ ነህ የቀየርከው?»

«ብሆንስ? ትናንት አራት ጊዜ ቆረጠ። አንቺ ቮሊቦልሽን ስትጫወቺ የኔ በቆሎ እየጠወለገ ነበር።»

«ሞተሩ እየሸተተ ነው እኮ። ፓምፑ አሸዋ እየበላ ከብዶታል። ይቃጠላል!»

«አንድ ሴሚስተር ኤሌክትሪክ ተምራ ኢንጂነር ሆነች! ጉራሽን ቀንሺ።»

ትሬንት አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ዘንድሮ አባታቸው ከእርሻው ጫፍ አርባ ትልም ሰጥቶት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን በቆሎ ዘርቷል። ውሃው ከፓምፑ በረጅም ቧንቧ ይሄድና በየትልሙ ራስ ላይ ባለች ትንሽ መዝጊያ በኩል ይፈስሳል። ግፊቱ ሲደክም መጀመሪያ የሚደርቀው የጫፉ ነው። በቆሎው ደግሞ ጢሙን የሚያወጣበት ሳምንት ነበር፤ በዚያ ሳምንት የተጠማ በቆሎ ኋላ ቢዘንብለትም ጥርሱ እንደረገፈ ሰው ሆኖ ይቀራል። ኬልሲ ይህን ስለምታውቅ ታዝንለታለች። ያናደዳት ሌላ ነገር ነው።

አባታቸው አንድ ሕግ አለው። ቁጥር የነካ ሰው በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ቁጥሩንና የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በማርከር ይጽፋል። የሟቹ አያታቸው ፊደል ሳይቀር እዚያ አለ። የመጨረሻው ጽሑፍ የኬልሲ ነው፤ በጸደይ አዲሱ ሞተር ሲገባ 72 ብላ ከፊደሏ ጋር ጽፋለች። ትሬንት 96ን ሲያስገባ ምንም አልጻፈም።

«ቢቃጠልስ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ክዳኑ ላይ ያለው የመጨረሻው ፊደል የማን ነው?»

የኬልሲ ደም ፈላ። በዚያች ደቂቃ ወንድሟን ከልቧ ጠላችው።

ወዲያው የአባታቸው ፒካፕ ደርሶ ቆመ። አባታቸው ሎወል ብዙ አይናገርም፤ ሲናገር ግን ይናከሳል። ወርዶ አየሩን አሸተተ፣ ስክሪኑን አየ፣ ክዳኑን አየ።

«ዘጠና ስድስት? ኬልሲ፣ ይሄ መጫወቻሽ ነው?»

«እኔ አይደለሁም አባዬ።»

«የመጨረሻው ፊደል ያንቺ ነው።»

«ትሬንት፣ ንገረው!»

ትሬንት መሬት መሬቱን እያየ «ምኑን ነው የምነግረው?» አለ። «ሁሌ የምትጎረጉረው እሷ አይደለች እንዴ?»

«በቃ!» አለ አባታቸው። «ሞተሩ ከተቃጠለ ሌላ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ ለእርሻው የሚያስፈልገው ውሃ ሳይሆን ክብሪት ነው። የታችኛውን ጉድጓድ አይቼ ስመለስ በትክክል እየሠራ ላግኘው። አለዚያ ሁለተኛ እዚህ ሳጥን አጠገብ እንዳላይሽ!»

ፒካፑ አቧራውን አልብሷቸው ሄደ። ትሬንት ወዲያው ለሰለሰ።

«ኬል፣ ስሚኝ። እስከ እሑድ ብቻ ተይው። እሑድ ራሴ እመልሰዋለሁ፤ ክዳኑ ላይም እጽፋለሁ፤ ለአባዬም እኔ ነኝ እለዋለሁ። እምልልሻለሁ!»

ኬልሲ ይህን በጣም ፈልጋው ነበር። ክዳኑን ዘግታ መሄድ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። መዳፏን ወደ ሞተሩ አስጠጋችና ሳትነካው በፊት ሙቀቱ መለሳት። እንኳን እስከ እሑድ፣ እስከ ማታ መቆየቱንም ተጠራጠረች።

የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫነች። ሞተሩ ቧንቧውን ሳያስደነግጥ ቀስ በቀስ ፍጥነቱን ቀንሶ ቆመ። 96ን አጥፍታ 72 አስገባች።

«አብደሻል? አስነስተሽው ሳትጨርሺ ይቆርጣል!»

«የፓምፑን የውሃ መውጫ ቫልቭ ካጠበብኩት ይቀለዋል። አይቆርጥም።»

የትሬንት ፊት ተለዋወጠ። ቫልቩ ከጠበበ ውሃው ያንሳል፤ ያነሰ ውሃ ደግሞ ጫፍ አይደርስም።

«የኔ ብቻ ነው የሚደርቀው!»

«አውቃለሁ።»

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ትሬንት ፓምፑን የሚከልለውን የቆርቆሮ ዳስ በጓል ሲደበድብ ቆየ። ከዚያ ኬልሲ ቫልቩን ትንሽ ዘግታ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነች። ሞተሩ እያጉረመረመ ተነሳና ስክሪኑ 79 ላይ ቆመ። ቫልቩን ሩብ ዙር አጠበበችው፤ 75 ሆነ። ደግማ አዞረችው። 71። እዚያው ረጋ።

በጫፉ አርባ ትልሞች ራስ ላይ ውሃው ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ።

«ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» አላት ትሬንት። «ለአባዬም ምንም አልናገርም። አንቺው ተወጪው።»

«እሺ።»

ኬልሲ ቧንቧውን ተከትላ ሄደች። ከፓምፑ አጠገብ ያሉት ትልሞች የአባቷ ናቸው፤ ጠግበው ውሃው ኩሬ ሠርቶባቸዋል። የነሱ መዝጊያ ከተዘጋ ውሃው እስከ ጫፉ ይገፋል። ያለ እሱ ፈቃድ መዝጊያ የነካ ሰው ምን እንደሚደርስበት ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ዘጋች።

«ለኔ ብለሽ ነው?» ብሎ ጮኸባት ትሬንት ከኋላዋ። «እኔ አልለመንኩሽም!»

«አልለመንከኝም።»

ሁለተኛውን ዘጋች። በመንገዱ ማዶ የአባቷ ፒካፕ አቧራ ሲመለስ ታያት። ቀና ብላ አየችውና ወደ ሦስተኛው መዝጊያ ተራመደች።